ስድስት ሶኬት ስንት ይፈጃል?

የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከዕጣን ጭስ ጋር ሲደባለቅ ወዲያው አይለይም። እሑድ ጠዋት ነበር፣ ጉለሌ፣ እማዬ ቤት። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። "የሆነ ነገር ይሸተኛል" አልኩ። "ዕጣኑ ነው፤ ርካሹን ነው የሸጡልኝ" አለች እማዬ። ትንሽ ቆይቶ ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ። ከሶፋው ጀርባ ጎንበስ ብዬ ዲቫይደሩን ስነካው እጄን ፈጀኝ።

ነቅዬ አወጣሁት። ነጭ የነበረው ፕላስቲክ በአንድ በኩል ቡናማ ሆኗል። አንዱ ቀዳዳ ቀልጦ እንደ ሰም ወርዷል። ከዚያ ዲቫይደር ላይ ሌላ ዲቫይደር ተሰክቷል። ፍሪጁ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ሪሲቨሩ፣ የስልክ ቻርጀሩ፣ እማዬ ሽሮዋን የምታሞቅበት ስቶቭ፣ ሁሉም ከእነዚህ ከሁለቱ። ሁለቱ ደግሞ ከአንድ የግድግዳ ሶኬት። ሶኬቱ ራሱ ከግድግዳው ተነቅሎ በሽቦው ተንጠልጥሏል።

እማዬ ጉልበቷን ከታመመች ወዲህ ኑሮዋ ሳሎን ነው። አልጋዋ እዚያው፣ ፍሪጁም እዚያው። ወንድሜ የሚኖረው ሜሪላንድ ነው። በዚያው ቀን የቀለጠውን ዲቫይደር ፎቶ ላኩለት። "ሶኬት ይጨመርላት። ሦስት ሰው ጠይቂና ዋጋውን ላኪልኝ" አለኝ። ሳሎን ሦስት፣ ጓዳ ሁለት፣ መኝታ ቤት አንድ፤ ስድስት ሶኬት ይበቃል ብለን ተስማማን።

ሦስት ሰው ጠየቅሁ። የመጀመሪያው 15,000 ብር አለ። ሁለተኛው 68,000። ሦስተኛው 47,000። ቤቱ ያው ቤት፣ ሶኬቱም ያው ስድስት። ወንድሜ "መካከለኛውን ያዢ" አለ። ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚመክረው። እኔ ግን ሦስቱ ቁጥሮች የአንድ ሥራ ዋጋ እንዳልሆኑ እስኪገባኝ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። እናታቸው ወይም አባታቸው እንዲህ ያለ አሮጌ ቤት ውስጥ ለሚኖሩ ሰዎች ነው ይህን የምጽፈው። የብሩን መጠን አትያዙት፤ የሽቦ ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል። ሰዎቹ ዋጋ ከመናገራቸው በፊት ያዩትንና ያላዩትን ተመልከቱልኝ።

መጀመሪያ ቤቱን ልንገራችሁ። አያቴ የሠራው የጭቃ ቤት ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ከላይ ኖራ። ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጀዲ ነው፤ በየዓመት በዓሉ ቀለም ሲቀባ ቀለሙ ራሱ ወፍሯል። የተሠራው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። የኢትዮጵያ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1948 ዓ.ም. ስለሆነ ቤታችን በዕድሜ ከእሱ ብዙም አያንስም። ያን ጊዜ በሽቦ ወደ ቤት የሚገባው ነገር ስሙም መብራት፣ ሥራውም መብራት ነበር። ሦስት አምፖል፣ ለራዲዮ አንድ ሶኬት። ዛሬም ስቶቩ ሲቀዘቅዝብን "መብራት ሄደ" ነው የምንለው። ቃሉ እንዳለ አለ። ሽቦውም እንዳለ አለ። የተጫነበት ነገር ግን ሌላ ነው።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይፈልጋል። በድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል ቢታሰብ 58 አምፖል ባንድ ጊዜ እንደማብራት ነው። አያቴ ሽቦውን ሲያስዘረጋ 58 አምፖል የሚያበራ ሰው እንኳን በቤቱ፣ በሠፈሩም አልነበረም።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። የዕቃውን ዋት ወደ ቤት በሚገባው ቮልት፣ በ220፣ ማካፈል ነው፤ የሚመጣው ቁጥር አምፔሩ፣ ማለትም በሽቦው የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን ነው። ምጣዱ 16 ይሆናል። ባለ 1,500 ዋት ስቶቭ ወደ 7። ፍሪጅና ቴሌቪዥን እያንዳንዳቸው አንድ እንኳ አይሞሉም። ዋቱ የዕቃው ጀርባ ወይም ሥር ላይ ተጽፏል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በሽቦው የሚሄደው አምፔር እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ነው የሚሆነው። የእማዬን ዲቫይደር ያቀለጠው ይህ ነው። ቴሌቪዥኑን ለዓመታት ችሎት ኖሯል። ስቶቩ ሲመጣበት ግን አልቻለም።

የመጀመሪያው የሠፈራችን ልጅ ነው። ቀልጣፋ፣ ሰው የሚወደው። በሩ ላይ ቆሞ ግድግዳውን በዓይኑ ቆጠረ። "ስድስት ፖይንት። በፖይንት 2,500፣ ዕቃ ከነእጅ። ነገ ጠዋት እገባለሁ፣ ከሰዓት ታበራላችሁ።" አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ቆጣሪው የት እንዳለ አልጠየቀም። "ሽቦው ከየት ነው የሚመጣው?" ስለው ወደተንጠለጠለው ሶኬት ጠቆመኝ። "ከዚሁ እንጠልፋለን።"

ያኔ ጥሩ መሰለኝ። ርካሽ ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል። ከዚሁ እንጠልፋለን ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ በኋላ ነው። ስድስት አዲስ አፍ፣ ጉሮሮው ያው አንድ። የቀለጠውን ዲቫይደር ከሶፋ ጀርባ አንስቶ ግድግዳ ላይ መስቀል ነው። እንዲያውም የባሰ ነው፤ ዲቫይደር ሲሞቅ ይሸታል፣ እጅ ያቃጥላል። ኮርኒስ ውስጥ ያለ ሽቦ ሲሞቅ ማን ያየዋል? ልጁን አልወቅሰውም። ሶኬት ስንት ነው ብለን ጠየቅነው፤ የሶኬት ዋጋ ነገረን።

ሁለተኛው ፕሮፎርማ ይዞ መጣ። የታተመ፣ ማኅተም ያለበት፣ በሰንጠረዥ የተሠራ። ወንድሜ ፎቶውን ሲያይ "ይሄ ይሻላል፣ ባለሙያ ነው" አለ። የቤቱ ሽቦ ሙሉ በሙሉ ይነሳል፣ ግድግዳው ተቦርቡሮ አዲስ ቱቦ ይቀበራል፣ ለሦስት ፌዝ፣ ማለትም አሁን ባለው አንድ የኃይል መስመር (ሲንግል ፌዝ) ፈንታ ለሦስት፣ ማመልከቻ ይገባል ይላል። መጨረሻ ላይ "ልዩ ልዩ ወጪ 9,000" የሚል መስመር አለ።

ሦስት ጥያቄ ጠየቅሁት። ሦስት ፌዝ ለምን አስፈለገ? "ለዚህ ቤት ሲንግል ፌዝ አይበቃም፤ ከልምድ ነው።" ምጣዱ ስንት ዋት ነው? ጓዳ አልገባም ነበር፤ ምጣዱን አላየውም። ልዩ ልዩው ምንድን ነው? "ያው፣ በሥራ ላይ የሚያጋጥም።" ከዚህ የባሰው ግን መቦርቦሩ ነው። የጭቃ ግድግዳ እንደ ብሎኬት አይቦረቦርም። መሮው ሲያርፍበት ጭቃው በገል በገል ይወርዳል፤ ቀጥሎ ማገር ያገኛል፤ ማገሩ ሲቆረጥ ግድግዳው ይላላል። የቤቱን ግድግዳ በጣቱ እንኳ ያልነካ ሰው 68,000 ብር ዋጋ ሰጠን። ማኅተሙ ይህን አይሸፍነውም።

ሦስተኛውን ያገኘሁት በአንድ አናጺ በኩል ነው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ገብተው ግድግዳውን አላዩም። እማዬ አጠገብ ዱካ ላይ ቁጭ አሉና ደብተር አወጡ።

"እናቴ፣ ጠዋት ተነስተው መጀመሪያ የሚያበሩት ምንድን ነው?"

እማዬ ደስ አላት። ውሎዋን የሚጠይቃት ሰው አግኝታ አታውቅም። ከጸሎት ጀምራ እስከ ማታ ዜና ድረስ ዘረዘረችላቸው። ጋሼ ዕቃዎቹን እየለዩ ይጽፋሉ።

"እንጀራ መቼ መቼ ይጋግራሉ?"

"ረቡዕና ቅዳሜ።"

"ለብቻዎ ይህን ያህል ይጋግራሉ?"

እማዬ ዝም አለች። ጋሼም አልገፉበትም። ተነስተው ወደ ቆጣሪው ሄዱና ዋናውን ብሬከር አወረዱ። ወዲያው ከግድግዳው ማዶ ይሰማ የነበረው ራዲዮ ቀጥ አለ። "ኧረ መብራት ሄደ!" አሉ ጎረቤታችን እማማ ከወዲያ።

"እሷም የኔው ናት" አለች እማዬ ቀስ ብላ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የአያቴ ሰርቪስ ቤት የቀበሌ ሆነ። ግድግዳው ተለየ፣ በሩ በሌላ በኩል ተከፈተ። ሽቦው ግን በኮርኒሳችን ውስጥ እንዳለፈ ቀረ። ለእማማ የራሳቸው ቆጣሪ ገብቶላቸው አያውቅም። በየወሩ የድርሻቸውን ለእማዬ በእጅ ይሰጣሉ። ሊጣቸውንም ይዘው እየመጡ በእኛ ምጣድ ይጋግራሉ። እኔና ወንድሜ እዚያ ቤት ተወልደን አድገን ይህን አናውቅም ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ስንት እንዳለ አስቡት። አንድ ግቢ የነበረው ተከፋፍሎ፣ አጥሩ ተለይቶ፣ ሽቦው ግን ሳይለያይ።

ከዚያ ጋሼ ባትሪ ይዘው ኮርኒስ ውስጥ ገቡ። እኔም መሰላሉ ላይ ቆሜ አንገቴን አስገባሁ። የሳሎኑ፣ የጓዳውና የእማማ ሽቦ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ሳጥን የለም። ሽቦ በሽቦ ተጠምዝዞ ናስትሮ ተጠቅልሎበታል። ጋሼ በጣታቸው ነካ ሲያደርጉት ናስትሮው እንደ ደረቀ የሽንኩርት ልጣጭ ረገፈ። ሥሩ መዳቡ ጠቁሯል። ከሥሩ አቡጀዲው። አቡጀዲው ላይ የአይጥ ጎጆ፣ ጭድና የወረቀት ብጣሽ። ከታች የእማዬ አልጋ።

እዚያ መሰላል ላይ ሆኜ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ። እሳት ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከሽቦው መሐል አይደለም፤ ከላላ መገናኛ ነው። ይህን ጋሼ ሳይነግሩኝም ዓይኔ አየው።

ቀጥሎ የሸክላውን ፊውዝ አወጡ። ማለፊያው ላይ መዳብ ተጠምጥሟል፣ ብዙ ክር። እጁን አወቅሁት። የአባቴ ነው። ልጅ ሆኜ ፊውዙ ሲቃጠል ሻማ የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ከገመድ ውስጥ አንዲት ቀጭን ክር መዝዞ፣ በፒንሳ ጠምዝዞ ይሰካው ነበር። ስቶቩ ከተገዛ በኋላ አንዷ ክር ቶሎ ቶሎ ስትቃጠል ሁለት አደረገ፣ ከዚያ ሦስት። መብራት እንዳይሄድብን ብሎ ነው። ፊውዝ የሚቃጠለው ግን ሽቦው እንዳይቃጠል ነው። ክሩ ሲወፍር የሚቃጠለው ተራ ወደ ሽቦው ይሄዳል። አባቴ ይህን ቢያውቅ ኖሮ አያደርገውም ነበር። ጋሼ ማለፊያውን እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። እስካሁን አለኝ።

ጋሼ ደብተራቸው ላይ ደመሩ። ምጣድ 3,500፣ የእማዬ ስቶቭ 1,500፣ የእማማ ስቶቭ 1,500፣ ፍሪጅ 150፣ ቴሌቪዥንና አምፖሎች 200። ሁሉም ባንድ ላይ ቢበሩ 6,850 ዋት፤ 31 አምፔር። ዋናው ብሬከር 32 ነው። ጠርዝ ላይ ነው። ምጣድ በተጣደ ሰዓት ከሁለቱ ስቶቮች አንዱ ቢጠፋ ግን 24 አምፔር ብቻ። "ሲንግል ፌዝ ይበቃችኋል። ሦስት ፌዝ ለምን ትከፍላላችሁ?" አሉ። ያ የ68,000 ፕሮፎርማ ላይ ትልቁ ነገር በአንድ ድምር ወደቀ።

በማግሥቱ ዋጋቸውን በእጅ ጽፈው አመጡ። ሁለት ገጽ። ዕቃ 31,000፣ የእጅ ዋጋ 16,000 ለእርሳቸውና ለረዳታቸው ሦስት ቀን። እያንዳንዱ ነገር በስሙና በመጠኑ። ከቆጣሪው ወደ አዲስ የብሬከር ሳጥን የሚሄድ 10 ሽቦ (ቁጥሩ ሲበልጥ ሽቦው ይወፍራል)። ለሶኬቶቹ 2.5 ሽቦ፣ ሳሎኑ ለብቻ፣ ጓዳው ለብቻ፣ በየራሳቸው 16 አምፔር ብሬከር። ለአምፖሎቹ 1.5 ሽቦ በ10 አምፔር። ለእማማ ቤት የራሳቸው መስመር ከነብሬከሩ። ምጣዱ በ4 ሽቦ፣ ለብቻው፣ በ25 አምፔር። ለምጣዱ ሶኬት የለም። "ምጣድ ሶኬት ላይ አይሰካም። አንድ ሰዓት ሙሉ 16 አምፔር ሲጎትት የሶኬት ምላስ ይላላል፣ የላላ ነገር ይሞቃል። በትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ በቀጥታ ይታሰራል" አሉ። ስለዚህ ስድስቱ ሶኬት አምስት ሆነ። ከሦስቱ ሰዎች የሶኬቱን ቁጥር የቀነሱት እርሳቸው ብቻ ናቸው።

እኔም እንደ ወጉ ለመከራከር ተዘጋጀሁ። "ጋሼ፣ 40 ያድርጉልን" አልኩ።

አልተቆጡም። እስኪርቢቷቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። "ልቀንስ እችላለሁ ልጄ። የትኛውን ላውጣ? አንቺው ሰርዢ።"

ወረቀቱን ይዤ ቁጭ አልኩ። የመሬት ዘንጉን፣ ያፈሰሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደውን፣ ልሰርዝ? የምጣዱን 4 ሽቦ ወደ 2.5 ላውርድ? የእማማን መስመር ላውጣ? ገበያ ላይ ስንከራከር ሻጩ ከትርፉ ነው የሚቀንሰው ብለን እናስባለን። የመብራት ሥራ ላይ ግን ቅናሹ ከማይታይ ቦታ ሊወጣ ይችላል። ቀጭን ሽቦ ኮርኒስ ውስጥ ሲገባ፣ የመሬት ሽቦ ሳይታሰር ሲቀር ሶኬቱ ያው ያበራል። ሥራው ሲያልቅ ሁሉም አንድ ይመስላል። ዋጋ የሚቀንስላችሁን ሰው ከየት እንደቀነሰ ጠይቁት፤ መልስ ካለው ጥሩ ነው። እኔ በመጨረሻ የሰረዝኩት የመኝታ ቤቱን ሶኬት ብቻ ነው። እማዬ እዚያ አትተኛም። 45,200 ሆነ።

ወንድሜ አንድ ነገር አልተዋጠለትም። "የጎረቤቱን መስመር እኛ ለምንድን ነው የምንከፍለው?" አለ። ስልኩን ለእማዬ ሰጠኋት። "ሽቦዋ በኔ ኮርኒስ ነው የሚያልፈው ልጄ። እሳቱ ሲነሳ የማን ሽቦ ነው ብሎ ይለያል?" አለችው። ብሩን በማግሥቱ ላከ።

ዕቃውን ልግዛ ብዬ ከጋሼ ጋር መርካቶ ወረድኩ። ይሄኛው ቀን ብዙ አስተምሮኛል። 2.5 ሽቦ ሲባል ውፍረቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ማለት አይደለም። ሽቦው ሲቆረጥ የሚታየው የመዳቡ ፊት ስፋት ነው፣ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር። ነጠላውና ደረቁ ሽቦ ከሆነ ውፍረቱ 1.78 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ጋሼ ኪሳቸው ውስጥ ካሊፐር፣ የውፍረት መለኪያ፣ አለ። አንድ ሱቅ "2.5" ተብሎ በላዩ የታተመበት ጥቅል ላይ ካሊፐሩ 1.5 አሳየ። ይህ 1.8 ካሬ እንኳ አይሞላም። ሻጩ "ሁሉም እንደዚሁ ነው" አለ። ሌላ ሱቅ ሄድን።

እዚያ ደግሞ ጋሼ ቢላዋ አውጥተው የሽቦውን ጫፍ ፋቁት። ከላይ ቀይ፣ ሥሩ ነጭ። መዳብ የተለበሰ አሉሚኒየም ነው። የሚያስተላልፈው ከመዳብ ያነሰ ነው፤ ሲሞቅም መታሰሪያው ላይ እየላላ ይሄዳል። አራተኛው ሱቅ ላይ ውፍረቱም ልክ፣ ውስጡም ቀይ የሆነ አገኘን። ካሊፐር ለሌለው ሰው ሚዛን አለ። 100 ሜትር ትክክለኛ 2.5 ሽቦ መዳቡ ብቻ 2.2 ኪሎ ይመዝናል፣ ፕላስቲኩ ሳይቆጠር። ጥቅሉ ከነልብሱ ከዚያ ካነሰ ወይ መዳቡ አልሞላም፣ ወይ ሜትሩ ጎሏል፣ ወይ ውስጡ ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ሁለት ፕሮፎርማ "2.5 ሽቦ፣ ሁለት ጥቅል" ብሎ በተለያየ ዋጋ ቢጻፍ አይግረማችሁ። ሽቦው አንድ ላይሆን ይችላል።

የሶኬት ምርጫውም እንዲሁ። ክብ እግርም፣ ጠፍጣፋ እግርም፣ ሁሉን የሚቀበል ሶኬት ገበያው ሞልቶታል። እኔም ልገዛ ነበር። ሁሉን የሚቀበል ግን አንዱንም አጥብቆ አይዝም። ክብ ሁለት ቀዳዳ ያለውን፣ በጎኑ ሁለት የብረት ምላስ ያለውን ገዛን። እነዚያ ምላሶች የመሬት ናቸው። የእማዬ ፍሪጅ መሰኪያ ጎን ላይም የሚገጥማቸው ብረት አለ፤ አርባ ዓመት የቆየው ሶኬታችን ግን ምላስ አልነበረውም።

ይህን ያነሳሁት በነጠላ ጫማው ምክንያት ነው። እማዬ ቤት ፍሪጁ ሥር ሁልጊዜ አንድ ነጠላ ጫማ አለ። ፍሪጁን ለመክፈት ማንም ሰው መጀመሪያ ጫማውን ያደርጋል፤ ፍሪጁ ይነዝራላ። ክረምት ላይ መሬቱ ሲረጥብ ይብሳል። እንግዳ ሲመጣ እማዬ "ጫማውን አድርጊ" ትላለች፣ "በሩን ዝጊ" እንደማለት ቀላል አድርጋ። እኛም ለምደነዋል። ብዙ ቤት ይህ ጫማ አለ፤ ታውቁታላችሁ።

የመጀመሪያው ልጅ ሶኬት ላይ ምላስ ይኖር እንደሁ በኋላ ጠይቄዋለሁ። "አለው እንጂ፣ ዘመናዊ ነው" አለኝ። ምላሱ ግን ከምንም ጋር አይታሰርም ነበር። በቤቱ ውስጥ የመሬት ሽቦ የለማ። ዋጋ የሚሰጣችሁን ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ከቻላችሁ ይህን ጠይቁት፦ አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ፣ የመሬቱ፣ መጨረሻው የት ነው?

የጋሼ መልስ ከጓዳው በስተጀርባ፣ ከውኃ ቧንቧው አጠገብ ያለ ጉድጓድ ነበር። የመዳብ ዘንግ መቱበት፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ። ረዳታቸው ከሰልና ጨው ሊጨምር ሲል ከለከሉት። "ጨው ለጊዜው ያሳምርልሃል፣ ዘንጉን ግን ይበላዋል" አሉት። ብሬከር ሳጥኑ ውስጥ ደግሞ አርሲዲ የሚሉትን መቁረጫ አስገቡ፣ ባለ 30 ሚሊ አምፔር። በፌዝ፣ በመሄጃው ሽቦ፣ የሄደው በኑትራል፣ በመመለሻው፣ ካልተመለሰ፣ ማለትም በሰው ወይም በፍሪጅ ገላ ወደ መሬት ካፈሰሰ፣ ዓይን ሳይጨፈን ይቆርጣል። በወር አንዴ የመሞከሪያ ቁልፉን መጫን አለ። እማዬ በየወሩ የማርያም ዕለት ትጫነዋለች።

ግድግዳው አልተቦረቦረም። ሽቦው በነጭ የፕላስቲክ ቻናል ውስጥ፣ በግድግዳው ላይ በግርጌ በኩል ሄደ። ሶኬቱ ያረፈበት መንገድ ደስ ብሎኛል። ፊሸር ጭቃ አይዝም፤ የድሮው ሶኬት ተነቅሎ የተንጠለጠለው ለዚህ ነው። ጋሼ ግድግዳውን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ እያደረጉ ሄዱ። ድምፁ ሲደፍን ጭቃ ነው፣ ጠራ ሲል ቋሚ። ሁለት ቋሚ ባገኙበት ቦታ አንድ ጣውላ አግድም በብሎን አሰሩ፤ የሶኬቱ ሳጥን በእሱ ላይ ተቀመጠ። መሰኪያውን በኃይል ስቤ ሞከርኩት። ንቅንቅ አላለም። ኮርኒስ ውስጥ የነበረው የተጠመዘዘ ሽቦ ሁሉ ወጥቶ ግቢው ላይ ተከመረ። አይጥ የበላው አለ፣ ልብሱ ጨርቅ የሆነ አለ። እማማም ወጥተው አዩት። "በዚህ ነው ስናበራ የኖርነው?" አሉ።

ማታ ላይ ጋሼ በማርከር ብሬከሮቹ ሥር ጻፉ። ሳሎን። ጓዳ። ምጣድ። አምፖል። የመጨረሻው ላይ "ጎረቤት" ብለው ሊጽፉ ሲሉ እማዬ መነጽሯን አድርጋ ቀረበች። "ጎረቤት አይበሉ ጋሼ፣ ስሟን ይጻፉላት።" የእማማን ሙሉ ስም ከነአባታቸው ጻፉ።

ይህ ጥቅምት ላይ ነበር፣ ምድሩ ገና ከክረምቱ እርጥብ ሳለ። ጋሼ የመሬት ዘንጉን ለክተው 38 ኦም አገኙ፤ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት ሲወርድ ምን ያህል እንደሚከለከል የሚለካበት ነው፣ ሲያንስ ይሻላል። "ይሄ አሁን ነው። የካቲት ላይ መሬቱ ሲደርቅ መጥቼ እለካዋለሁ" አሉ። ሰው ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ይመለሳል ብዬ አላሰብኩም። የካቲት ላይ አንድ ቅዳሜ መጡ። እማማና እማዬ ጓዳ ውስጥ እየጋገሩ ነበር። ጋሼ መለኪያቸውን አስረው ለኩ፤ 61 ኦም። ከመቁረጫው ጋር ሲሆን በቂ ነው አሉ። ቀኑንና ቁጥሩን በሳጥኑ ክዳን ውስጥ በኩል ጻፉ፣ ከጥቅምቱ ሥር።

እማዬ እንጀራ በወጥ አቀረበችላቸው። ውኃ ልታመጣላቸው ተነስታ ፍሪጁን ከፈተች። በባዶ እግሯ ነበረች። ጫማው አልጋዋ ሥር ነው።